በቆጵሮስ ፍርስራሽ ደጅ «ቤቶች!» ያሉት አያ ይመር

የሐይቅ ከተማን ግማሽ በር በእጃቸው የሠሩት አናጺው አያ ይመር አረፉ። በአምባሰልም በተሁለደሬም ያላችሁ ወዳጆቻቸው፣ በየዓረብ አገሩ የምትሠሩ የሰፈራችን ልጆችም፣ ይህን የምጽፍላችሁ ጎረቤታቸውና ጓደኛቸው፣ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ሰይድ ነኝ። ብዙ አልታመሙም። ከሥራ ቤታቸው መጥተው፣ ምሳቸውን በልተው፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብለው እንደተኙ ቀሩ። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ሊቀሰቅሷቸው ሲገቡ ፊታቸው ፈገግ ብሎ ነበር ይላሉ። እኔ አምናቸዋለሁ።

እያለቀስኩ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ወላሂ አልሆነልኝም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አንድ ነገር ትዝ እያለኝ ሳቄ ይመጣል። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንኳ ብቻዬን ፈገግ ስል ያዩኝ ሴቶች «መምህር ምን ነካው?» እየተባባሉ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። የነካኝ ቆጵሮስ ነው። ከአያ ይመር ጋር አብረን የዞርናት ያቺ የሜዲትራኒያን ደሴት ናት። ስለ እርሳቸው ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን የማውቀውንና እኔ ብቻ ያየሁትን ልጻፍ።

ሥራ ቤታቸው ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ሱሪያቸው ላይ የእንጨት ብናኝ ሳይኖር አይቻቸው አላውቅም፤ ለግሸን ሲዘጋጁ ብቻ ነጭ ለብሰው ይወጣሉ፣ እኔም ሲመለሱ ጸበል ሳይሆን ወሬ እንዲያመጡልኝ አደራ እላቸዋለሁ። የመስጊዳችንን በር ሲሠሩ ከዋንዛ ነው የሠሩት፤ የእጅ ዋጋ ስንሰጣቸው ተቆጡ። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት መበለት በሯ በምስጥ ተበልቶ በገመድ አስራው ስትኖር አይተው፣ ገበያ በሄደችበት አዲስ በር ገጥመውላት ጠበቋት። ሴትየዋ ተመልሳ ቤቴን ተሳሳትኩ ብላ ልትዞር ነበር። «በር የሚሠራው ለመክፈት ነው» ይሉ ነበር አያ ይመር። «ለመዝጋትማ ግድግዳ ይበቃን ነበር።»

አንድ ጠባይ ነበራቸው። የማንም ደጅ ቢሆን ቆመው «ቤቶች!» ብለው ሳይጠሩ፣ ከውስጥም «ይግቡ» ሳይባሉ አይገቡም። ይህን ሁላችንም እናደርገዋለን ትሉ ይሆናል። አዎ፣ እናደርጋለን፤ ግን በሩ ክፍት ከሆነ፣ ባለቤቱም ከታየን፣ ጠራን አልጠራን ገብተን ቁጭ ነው። እርሳቸው ግን ገና ጣሪያ ያልለበሰ ቤት ላይ በር ሊገጥሙ ሲሄዱ እንኳ ይጠራሉ። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሚስት ሲያጭ መጀመሪያ የሚለምነው ሽማግሌ አያ ይመርን ነበር። የስንቱን ልጅ እንደጠየቁ እሳቸውም አያውቁትም።

የእሳቸው ልጅ የሺ ግን ሳትጠየቅ ተዳረች።

የሺ መጀመሪያ ቤይሩት ሠራች፤ ከዚያ ወደ ቆጵሮስ ተሻግራ አንዲት አሮጊት ስታስታምም ቆየች። የአሮጊቷ የእህት ልጅ ኒኮስ ይባላል፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። ተዋደዱ፣ በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ፎቶው በስልክ ሲመጣ እትዬ በላይነሽ እልል አሉ። አያ ይመር መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ልጁ ደግ ይመስላል» አሉ በመጨረሻ። «ግን የማንን በር ጠርቶ ነው የወሰዳት?»  ከየሺ ጋር በስልክ ይሳሳቃሉ፤ ወሬው ወደ ባልና ወደ ቤት ሲዞር ግን ስልኩን ለእናቷ ያቀብላሉ።

ከዓመታት በኋላ የሺ መጥተው እንዲጠይቋት ለመነቻቸው። «ቆጵሮስ ማለት ያቺ ሐዋርያት የሄዱባት ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ናት አልኳቸው። «እንግዲያስ አንተም ትሄዳለህ» አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ሜዲትራኒያንን በካርታ ላይ በዱላ እየጠቆምኩ አስተምሬ የባሕር ጨው እንኳ ያልቀመስኩ ሰው ነኝና እምቢ አላልኩም። ልንሄድ ስንል እትዬ በላይነሽ አጥሩ ጥግ ጠሩኝ።

«መምህር፣ አደራ። ልጄ ቤት ሳይገባ እንዳትመልሰው። ቤቷ የአባት ምርቃት የለውም፤ በስልክ ስትስቅልኝ እንኳ ሆዷ እንደባባ ይገባኛል። ሳይገባ ከመጣ በሩን የሠራው እሱ ቢሆንም እኔ አልከፍትለትም።»

አደራውን ተቀበልኩ። ምን እንደተቀበልኩ ያወቅሁት ላርናካ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ነው።

አባትና ልጅ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ያን ጊዜ ኒኮስ ወደ ፊት መጣ፤ የሺ አስተምራው ኖሮ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። አያ ይመር ሳይደርስባቸው ትከሻውን ይዘው በትሕትና ቀና አደረጉትና «ተው ልጄ፣ ሹፌር ጉልበት አይስምም» ብለው ሻንጣቸውን አስያዙት። እኔ አፌን ያዝኩ። ኒኮስ የተባለውን ስላልገባው በደስታ ሻንጣውን ተሸከመ። «እኔ አገር ልጎበኝ ነው የመጣሁት» አሉ አያ ይመር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። የሺ አባቷን ስለምታውቅ ባሕሩ ዳር ክፍል ተከራይታልን ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ ሰይድ፣ ቤቴን አይገባም ማለት ነው?» አለችኝ። «አብሽሪ» አልኳት። ለራሴ ግን ምንም አልታየኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ወይ ጉድ ያሰኛል። የሺ «ዛሬ ምሳ እኔ ቤት ነው» ባለች ቁጥር አያ ይመር «ሌላ ሙዚየም የለም ወይ?» ይላሉ። ኒኮስ ፈቃድ ወስዶ ነበርና መኪናውን ያስነሣል። ሙዚየም፣ ግንብ፣ ፍርስራሽ፣ ያልገባንበት የለም። ጉልበቴ ከዳኝ። እኔ የታሪክ አስተማሪ አይደለሁም፣ የጂኦግራፊ ነኝ፤ አንድ ድንጋይ ካየሁ ይበቃኛል። ቢሆንም ደሴት ነውና ሙዚየሙ አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም ብዬ ተጽናናሁ።

መጀመሪያ የወሰደን ከጥንት ጥንት ሰዎች የኖሩበት ኮረብታ ላይ ነው። መግቢያው ላይ የዚያን ዘመን ቤቶች አስመስለው ሠርተዋል፤ ክብ ናቸው፣ በጭቃ የተመረጉ። አያ ይመር ሲያዩአቸው ፊታቸው በራ። «እነዚህማ ዘመዶቻችን ናቸው!» አሉ። ከዝቅተኛው በር ፊት ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቤቶች!»

ማንም የለም። ቱሪስቶች ከኋላችን ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እርሳቸው አይንቀሳቀሱም።

«አያ ይመር፣ ባለቤቶቹ ከሞቱ ስንት ሺህ ዓመታቸው ነው፤ ይግቡ እንጂ!»

«ሳልባል?»

ሰልፉ ረዘመ። አንዱ ፈረንጅ ጉሮሮውን ጠረገ። ቸገረኝና በቀጭኑ፣ የባለቤት ድምፅ አስመስዬ «ይግቡ!» አልኩ። ጎንበስ ብለው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቆጵሮስ ሙታን ሁሉ እንደራሴ ሆንኩ። በየግንቡ፣ በየፍርስራሹ «ቤቶች!» ይላሉ፤ እኔ «ይግቡ!» እላለሁ። ሲወጡም መርቀው ነው የሚወጡት።

ጳፎስ በምትባለው ከተማ ከመሬት በታች ከአለት የተፈለፈሉ፣ አምድና ግቢ ያላቸው ትልልቅ ክፍሎች አሉ። አያ ይመር ደረጃውን ወርደው እንደልማዳቸው ጠሩ። ጽሑፉን አነበብኩና «ይህ ቤት አይደለም፣ መቃብር ነው» አልኳቸው። በስማም ብለው አማተቡ። «እናንተ መቃብር ስትደርሱ ምን ትላላችሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሰላም እንላቸዋለን።»

«ይሰማሉ?»

«ይሰማሉ። መልሳቸው ነው ለእኛ የማይሰማን።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያስ ቤት ሆነም መቃብር ሆነም ለውጥ የለውም። እኔ ልጥራ፤ መልሱ ካልተሰማን አንተ መልስላቸው።»

የቅዱሳን ሥዕል በተሰበሰበበት ሙዚየም ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አያ ይመር በመስታወቱ አሻግረው ሥዕለ ማርያምን እንዳዩ ጫማቸውን ደጅ ላይ አወለቁ፤ የሙዚየሙን መቃን ተሳልመው በካልሲ ገቡ። ጥበቃዋ ማሪያ የምትባል ሽበታም ሴት ናት፤ እየሮጠች መጣች። ኒኮስ በእንግሊዝኛ ነገረኝ፣ እኔ በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ጫማ ማውለቅ አይፈቀድም። «ንገራት» አሉኝ፣ «እሷ ሙዚየም ትበለው እንጂ ቅዱሳኑ እዚህ መሆናቸውን አላወቁም፤ ቤተ ክርስቲያን ያሉ ነው የሚመስላቸው። እኔ ጫማ አድርጌ አላሳፍራቸውም።» ይህ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ግሪክኛ ተሻግሮ እስኪደርሳት ቆየ።  ሲደርሳት ሄዳ ጫማቸውን ከደጅ አንሥታ ከራሷ ወንበር ሥር አስቀመጠችላቸው። ስንወጣ መረቋት፤ አንዱንም ቃል ሳትሰማ «አሜን» በሚባልበት ቦታ ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። በማግስቱ «ያቺን ሴትዮ እንደምን አደርሽ እንበላት» ብለው መለሱን። ሙዚየም እየተደገመ መሆኑን ሳይ ደነገጥኩ።

ላርናካ አጠገብ የጨው ሐይቅ አለ፤ ዳሩ ላይ በዘንባባ የተከበበ የቆየ መስጊድ ቆሟል፣ ሐበሻውም ዓረቡም ለዚያራ፣ ቅዱሱን ቦታ ለመሳለም፣ የሚመጣበት። በዚያ ወራት ሐይቁ በቀያይ ወፎች ይሸፈናል። እኔ ልሰግድ ስገባ አያ ይመር ጫማዬን ጭናቸው ላይ ይዘው ከጥላው ተቀመጡ። «ሐይቅ አለ፣ ሐይቅ ዳር የጸሎት ቤት አለ፤ እኛው አገር ነው ያለነው፣ ጨው ብቻ በዝቶበታል» አሉ። ሰግጄ ስወጣ «ለእኔም ዱዓ አደረግህልኝ?» አሉኝ።

«አደረግኩ። ሙዚየም እንዲያልቅብዎ።»

ሳቁ፤ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ከዚያ ጫማዬን አቀበሉኝ። «ሰይድ፣ ልጄን እንዴት እንደምወዳት አንተ ታውቃለህ። ልጁንም አልጠላሁትም፤ አየኸው አይደል፣ ስንወርድ እጄን ይይዘኛል። ግን ያልሰጠኋት ልጅ ቤት ብገባ ምን ሆኜ ነው የምገባው? እንግዳ ሆኜ ነዋ። ልጄ ቤት እንግዳ ሆኜ ከምገባ ውጭ ባድር ይሻለኛል።»

 አንጀቴን በሉት።

መመለሻችን ሲቃረብ ኒኮስ አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን መኪናው ውስጥ ጠየቀኝ፤ «አባባ ሰው በሌለበት በር ላይ ለምንድን ነው የሚጮኹት?» በምችለው እንግሊዝኛ አስረዳሁት። በእኛ አገር ደጅ ይጠራል፣ ባለቤቱ ግቡ ካላለ አይገባም፣ ባለቤቱ ቢሞትም ባይኖርም ክብሩ ነው አልኩት። «ከቤት ማንኛውም ነገር የሚወሰደውም እንደዚሁ ተጠይቆ ነው» ብዬ ጨመርኩ፤ ነገር ለመጠምዘዝ ሳይሆን እንዲሁ አፌ ላይ መጥቶ።  ጆሮው ቀላ። «እኔ አልጠራሁም» አለ። «እኔ ምንም በር አልጠራሁም።»

መመለሻችን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሻይ እየጠጣን የመኪና ድምፅ ሰማን። አያ ይመር በመስኮት አዩ። «ኧረ መምህር፣ ና እስቲ!» ረጅም ጺም ያላቸው ቄስ፣ የኒኮስ አጎት ናቸው፣ ጥቁር ለብሰው ደጃችን ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው የሙዚየሟ ማሪያ የብስኩት ሣጥን ታቅፋ ቆማለች። ኒኮስ ሙሉ ልብስ ለብሶ መኪናው ውስጥ ቀርቷል፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር እንደማይመጣ የሺ ነግራው መሆን አለበት። ሁለቱ ቆመዋል፤ ምን እንደሚባል ግን አላወቁም።

«ሽማግሌ ልከዋል» አሉ አያ ይመር፣ ድምፃቸው ተሰባበረ። ወዲያው ደግሞ ተኮሳተሩ። «ሁለት ናቸው። ሁለት ሽማግሌ ጎደሎ ነው፤ ሦስት መሆን አለበት።» ይህን ብለው አዩኝ።

ሻዬን አስቀመጥኩ። በጓሮ በር ወጥቼ ቤቱን ዞርኩና ከቄሱና ከማሪያ መሃል ቆምኩ። ከውስጥ «ሰይድ! ከዳኸኝ?» የሚል ሰማሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ያን ሁሉ ቀን ስመልስ ነው የከረምኩት፤ የጠራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ቤቶች!»

 ሻንጣ ገላብጠው ጋቢያቸውን ሲፈልጉ፣ ወንበር ሲያስተካክሉ ይሰማል። አቆሙን። እንደ ደንቡ አቆሙን።

«ማን ነው?»

«የእግዜር እንግዳ!»

«ይግቡ!»

ገባን። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከተከራየነው አልጋ ጫፍ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንጠይቅ መጥተናል» አልኩ። ቄሱ በግሪክኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ አያ ይመር ሁሉንም እንደገባው ሰው አዳመጧቸው። ማሪያ ተቀመጪ ስትባል እምቢ አለች፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም ብላ የሺ አስጠንታታለች። ወላሂ እኛ ሰፈር ካሉት ሽማግሌዎች ትሻላለች።

«ሰምተናል» አሉ አያ ይመር። «ዘመድ አማክረን እንነግራችኋለን። ቀጠሮ እንሰጣችኋለን።»

«አያ ይመር፣ አውሮፕላኑ ነገ ነው!»

«ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም! ልጄ ከመንገድ የተገኘች ናት እንዴ?» አሰቡ፤ አሰቡና «ከምሳ በኋላ ኑ» አሉ።

እኔም አብሬ ተባረርኩ። የገዛ ክፍሌ እንዳልገባ «የወንድ ወገን ነህ» ተባልኩ። መኪና ውስጥ ከሙሽራው ጋር የማሪያን ብስኩት እየበላሁ ዋልኩ። ዘመድ ማማከር ያሉት እትዬ በላይነሽ ጋር መደወል ነበር፤ እልልታቸው ከስልኩ አልፎ በመስኮቱ መጣ። ከምሳ በኋላ ስንመለስ ልጅቷ ተሰጠች።

በዚያው ቀን ማታ ሳይሆን ፀሐይ ገና ሳለች የሺ ቤት ደረስን። አያ ይመር ደጁ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ቤቶች!» አሉ። የሺ ከውስጥ «ይግቡ፣ አባቴ…» ብላ መጨረስ አቃታት። ገብተው መጀመሪያ ያቀፉት ኒኮስን ነው፤ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ በዚህ ጊዜ አልከለከሉትም። «በራችሁ ለደስታ ይከፈት፤ የሚጠራችሁ ይብዛ፤ የሚጠራችሁም ግቡ የሚለው አይጣ» ብለው መረቁ። እኔ አሚን አልኩ፣ ቄሱ አሜን አሉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ዘግተው ማጠፊያውን አዩት፤ ይጮኻል። ዘይት ጠየቁ።

ሐይቅ ተመልሰው ቆጵሮስ ምን አዩ ሲሏቸው ስለ ሙዚየሙ አንድ ቃል አይናገሩም። «ልጄን ሰጥቼ መጣሁ» ነው መልሳቸው።

የሺና ኒኮስ ለቀብር አልደረሱም፤ በማግስቱ ነው የመጡት። ለቅሶ ቤት በር እንደማይጠራ ታውቃላችሁ፤ ክፍት ነው፣ ሰው እያለቀሰ ይገባል። የሺ እየጮኸች ገባች። ኒኮስ ግን አያ ይመር ለገዛ ቤታቸው በሠሩት የዋንዛ በር ፊት ቆሞ ቀረ። ባርኔጣውን አወለቀ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ቤቶች!» አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሚመልሱት ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ተኝተዋል። ልጁ አይንቀሳቀስም። እትዬ በላይነሽ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ተነሣሁ።

«ይግቡ!» አልኩ።

አያ ይመር፣ እንዳሉኝ አደረግኩ፤ መልስዎ ለእኛ ስላልተሰማ እኔ መለስኩልዎ። ልጅዎ ገብቷል፣ ከእትዬ በላይነሽ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሴቶቹ በግድ እያጎረሱት ነው። በዚህ በኩል አይስጉ። ናፍቀውኛል፤ ከእርስዎ ጋር ያልሳቅሁበት ቀን ረዝሞብኛል። እርስዎም አሁን አንድ ደጅ ላይ ባርኔጣዎን አውልቀው ቆመው ይሆናል፤ ሳይባሉ እንደማይገቡ አውቃለሁ። ግን ስንት ባለቤት በሌለው ደጅ ላይ ጠርተዋል! እነዚያ ባለቤቶች ሁሉ እዚያ ናቸው። ከእንግዲህ የእኔ መልስ አያስፈልግዎትም። ይጥሩ፣ አያ ይመር፤ ራሳቸው ይመልሱልዎታል።